የሣር ማጨጃ ማሽን ጣት የሚቆርጠው መቼ ነው?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከለቡ እስከ ሰበታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ሱሉልታ፣ የየግቢው ሣር በሳምንት ውስጥ ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ይህ ቀድሞ የማጭድ ሥራ ነበር። አሁን በየቤቱ በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ማሽን እየገባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያገለገለ፣ መመሪያው የጠፋ፣ የኋላ መከለያው የተሰበረ ነው። ማሽኑን ለሚገፋው ሰው እንዴት እንደሚነሣ ይነገረዋል። እንዴት እንደሚቆም ግን የሚነግረው የለም፤ ጣት የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው “ቆሟል” ብሎ እጁን ሲሰድ ነው።

እዚህ የምንናገረው አራት ጎማ ስላለው፣ ምላጩ ከሥር በአግድም ስለሚዞረው ማሽን ነው። ከላይ ሞተር አለ፤ በቤንዚን፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ወይም በባትሪ ይሠራል። ከሞተሩ የሚወርደው ዘንግ ጎድጓዳ ሽፋን ሥር ያለውን ምላጭ ያዞራል። የምላጩ ጫፎች ወደ ላይ ታጥፈዋል፤ ሲዞሩ አየር እየሳቡ የተኛውን ሣር ያቆሙታል፣ የተቆረጠውንም በጎን ወይም በኋላ በኩል ይወረውሩታል። ሣሩን የሚያወጣው ያው ንፋስና ምት ጠጠሩንም ያወጣዋል።

ምላጩ ምን ያህል ይፈጥናል?

የተለመደ ምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ምላጩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። ሁለት ስለት ስላለው አንዱን ቦታ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይመታዋል ማለት ነው። የጫፉ ፍጥነት በሰዓት ወደ 280 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጣም ፈጣን ሰው እንኳ የነካውን ነገር አውቆ እጁን እስኪስብ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ እስከዚያ ድረስ አሥር ጊዜ ተመቷል። ስለዚህ “ነካ አድርጌ እስባለሁ” የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

ሞተሩን ካጠፋሁት ታዲያ ምን ያሰጋል?

ስጋቱ ሦስት ነው፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ምላጩ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መዞሩ ነው። አዳዲስ ማሽኖች እጀታው ላይ፣ ከእጀታው ጋር አብሮ የሚጨበጥ ቀጭን ዘንግ አላቸው። ዘንጉ ሲለቀቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ፍሬንም ምላጩን ይይዘዋል። አሜሪካ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤት አገልግሎት የሚሸጥ ማሽን ዘንጉ በተለቀቀ በ3 ሴኮንድ ውስጥ ምላጩ እንዲቆም በሕግ ታስገድዳለች። ሦስት ሴኮንድ አጭር ይመስላል። ነገር ግን ከላይ ካልነው ፍጥነት እኩል እየቀነሰ ቢሄድ፣ ምላጩ እስኪቆም 75 ጊዜ ያህል ይዞራል። ፍሬኑ ያለቀበት ወይም ከመጀመሪያውም የሌለው አሮጌ ማሽን ከዚያ በላይ ይቆያል። ከላይ ሆኖ ደግሞ ምላጩ አይታይም፤ ድምፁም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እምብዛም አይሰማም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የቤንዚን ማጨጃ እሳት የሚያገኘው ከባትሪ አይደለም። ከሞተሩ አናት ላይ የሚዞረው ከባድ ጎማ ማግኔት አለበት፤ እንደ ብስክሌት ዲናሞ በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያመነጭና ለካንዴላው ያቀብላል። ምላጩና ይህ ጎማ የተያያዙት በአንድ ዘንግ ነው። እናም ከሥር ምላጩን በእጅ ሲያዞሩት ሞተሩን እያስነሡት ነው። እጀታው ላይ ያለው ዘንግ ሲለቀቅ ካንዴላውን ከኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ዝጎ ከሆነ ግን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረች ጥቂት ቤንዚን አንድ ጊዜ ትነድና ምላጩን ግማሽ ዙር ታዞረዋለች። ለጣት ግማሽ ዙር ይበቃል።

ሦስተኛውን እኛው ራሳችን እንፈጥረዋለን። የእጀታውን ዘንግ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨብጦ መግፋት ያደክማል፤ ስለዚህ በጥቁር ሽቦ፣ በላስቲክ ወይም በጨርቅ ከእጀታው ጋር ይታሰራል። የታሰረ ዘንግ ያለው ማሽን ሰውየው ቢወድቅ እንኳ አይቆምም። በኤሌክትሪክ በሚሠራው ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መብራት ይጠፋል፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ሰውየው “እስኪመጣ ላጽዳው” ብሎ ይገለብጠዋል፤ መብራቱ እጁ ሥር እያለ ይመጣል። ዘንጉ ታስሮ ካዩ ሌላ ምንም ከማድረግዎ በፊት ይፍቱት።

ሣሩ እኛ ጋ ለምን ቶሎ ቶሎ ይወተፋል?

እጅ ወደ ምላጩ የሚሄድበት ዋናው ምክንያት ውትፈቱ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሣሩ ሽፋኑ ሥር እየተጠቀጠቀ ይጋገርና መውጫውን ይዘጋል፤ ሞተሩም እየከበደው ይጠፋል።

አንደኛው ምክንያት ከፍታችን ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋሉ፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተር የሚያነደው ቤንዚንን ብቻ ሳይሆን አየርንም ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ ቤንዚኑን ያበዛዋል፤ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የጠጣ ካንዴላ፣ ሲጫነው የሚንገዳገድ ሞተር የዚህ ምልክቶች ናቸው። አንዳንድ አምራቾች ለደጋ አገር የሚሆን፣ ቀዳዳዋ የጠበበ የነዳጅ ማሳለፊያ ያቀርባሉ። ጎበዝ የሞተር መካኒክ ካገኙ ስለ እሷ ይጠይቁት፤ ማሽኑ ሲጠናከር ውትፈቱም ይቀንሳል።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ከማለዳ ጤዛና ከከሰዓት ዝናብ መካከል ያለው ሰዓት፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት አካባቢ፣ በክረምት ከሁሉ የተሻለው ነው። ሣሩን በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት መዳፍዎ ውሃ ከያዘ፣ ለዚያ ቀን ይተዉት።

ሦስተኛው ስስት ነው። ለሦስት ሳምንት የተተወን ሣር በአንድ ጊዜ መላጨት ለማንኛውም የቤት ማሽን ይከብደዋል። ከቁመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቁረጡ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መጀመሪያ ጎማዎቹን ከፍ አድርገው ወደ 10 ያውርዱት፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ እንደገና ይመለሱበት። ከጉልበት በላይ የደረሰውን በማጭድ አሳጥሮ ማሽኑን ማስከተል ይሻላል። በየዙሩም የምላጩን ሙሉ ስፋት ሳይሆን ግማሹን ብቻ ያስገቡ።

ሲወተፍ እንዴት ላጽዳው?

ዘንጉን ይልቀቁና ከማሽኑ ኋላ እንደቆሙ ቀስ ብለው እስከ አሥር ይቁጠሩ። ከዚያ የኃይሉን ምንጭ ከማሽኑ ይለዩ። በቤንዚን ከሆነ ካንዴላው ላይ የተሰካውን የጎማ ኮፍያ ነቅለው፣ ተመልሶ ብረቱን እንዳይነካ ከካንዴላው ያርቁት። የጎማ ኮፍያውን ይዘው ይንቀሉ እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ፤ ውስጡ ይበጠሳል። በገመድ ከሆነ መሰኪያውን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ማሽኑ ላይ ያለው ማጥፊያ አይበቃም። በባትሪ ከሆነ ባትሪውን አውጥተው መሬት ላይ ያስቀምጡት።

ቀጥሎ ማዘንበል ነው። የቤንዚኑን ማሽን ሲያዘነብሉ ካንዴላው ወይም የአየር ማጣሪያው ወደ ሰማይ እንዲያይ ያድርጉ። በተቃራኒው ከሆነ ዘይት ወደ ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ በኋላ አልነሣም የሚለውና ነጭ ጭስ የሚተፋው ለዚህ ነው። ሰልባትዮው ሙሉ ከሆነ ቤንዚን ከክዳኑ ያንጠባጥባልና ጽዳቱን ሰልባትዮው ሲጎድል ማድረግ ይቀላል። ማርሚታውን አይንኩ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃ ቆዳ ያቃጥላል።

ሣሩን በእንጨት ይፈልቅቁት፤ የቆየ የመጥረጊያ እጀታ ይበቃል። እጅ፣ ጓንት የለበሰ እጅም ቢሆን፣ ወደዚያ አይገባም። ምላጩን ማዞር ግድ ከሆነም በዚያው እንጨት ይግፉት።

ከማሽኑ የሚወረወረው ምንድን ነው?

የከተማ ዳር ግቢ ብዙ ጊዜ ገና ግንባታው ያላለቀ፣ ወይም በቅርቡ ያለቀ ነው። ሣሩ ሥር የፌሮ ቁራጭ፣ ጥቁር ሽቦ፣ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ውሻ የጣለው አጥንት ይኖራል። ምላጩ ሚስማርን ሲመታ ሚስማሩ ከሽፋኑ ሥር ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ የጎረቤት መስኮት ላይ ወይም ዓይን ላይ ያርፋል። ከኋላ ያለው የጎማ ወይም የፕላስቲክ መከለያ የተሠራው ይህን እንዲይዝ ነው። ከተሰበረ ማሽኑ ያለ እሱ አይሠራበት፤ ከመኪና ጎማ ላይ ተቆርጦ በብሎን የታሰረ ወፍራም መጋረጃ ከባዶው ይሻላል፣ ትክክለኛውን እስኪያገኙ ድረስ።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ግቢውን በእግር ይዙሩ። አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየተመላለሱ፣ ሣሩን በመቆፈሪያ ወይም በሬክ እየዳሰሱ ይሂዱ። መሬት ውስጥ ተተክሎ የቀረ የፌሮ ችካል ካለ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት ወይም ይንቀሉት። የቆመ ፌሮ የመታ ምላጭ የሞተሩን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሳይታይ አይነሣ።

ልጆች ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ቤት ውስጥ ይሁኑ፤ ግቢው ሰፊ ነው ብሎ ማሰብ አይጠቅምም። ልጅ አባቱን ብሎ ከኋላ ሮጦ ይመጣል፣ አባት ደግሞ በጩኸቱ አይሰማም፤ ማሽኑን ወደ ኋላ የሚጎትተው በዚያችው ቅጽበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ኋላ ከመጎተትዎ በፊት ሁልጊዜ ዞር ብለው ይዩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚገፋ ማጨጃ እንዳይነዳ ይመክራል።

ለእግር ከነጠላ ጫማና ከኮንጎ ጫማ ውጭ፣ ጣትን የሚሸፍን፣ ሶሉ የሚይዝ ወፍራም ጫማ ይልበሱ። የላስቲክ ቦቲ ከእርጥበት ያድናል እንጂ ከምላጭ አያድንም። ረጅም ሱሪ፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋሉ። ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ ገመድ ያለው ጃኬት ይቅር።

የኤሌክትሪኩ ማሽን አይሻልም?

ጭስ የለውም፣ ቀላል ነው፣ ከፍታውም አያዳክመውም። ነገር ግን እርጥብ ሣር ላይ የተዘረጋ ገመድ ይጎትታል።

ብዙ ሰው “ብሬከር አለን” ይላል። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። 16 አምፒር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ በላይ ካልፈሰሰ አይወርድም፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፒር እጅግ ያነሰ ይበቃል። ሰውን የሚጠብቀው አር.ሲ.ዲ. (RCD) የሚባል ሌላ ዕቃ ነው፤ ወደ ማሽኑ የሄደው ኤሌክትሪክ በሙሉ መመለሱን እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊ አምፒር የምታህል ጥቂት ወደ መሬት ከሾለከች በ0.3 ሴኮንድ ውስጥ ያቋርጣል። ከመደበኛው ብሬከር የሚለየው “ቴስት” ወይም “ቲ” የተባለች ቁልፍ ፊቱ ላይ በመኖሯ ነው። በወር አንዴ ቁልፏን ይጫኑ፤ ካልወረደ አይሠራም ማለት ነው። ቤትዎ ውስጥ ከሌለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው ያስገጥሙ። ያለ እሱ በክረምት በገመድ ማጨጃ ባይሠራ ይመረጣል።

1,500 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 7 አምፒር ያህል ይስባል። እስከ 25 ሜትር ለሚደርስ ማራዘሚያ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ለሚረዝም 2.5 ሽቦ ይጠቀሙ። በጥቅል ላይ ያለ ገመድ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ሲቀር ይግልና ሽፋኑ ይቀልጣል። በናስትሮ የተቀጠለ ገመድ ሣር ላይ አይዘርጉ። ማጨድ የሚጀመረው ከሶኬቱ አጠገብ ነው፤ ገመዱን በትከሻ አሳልፈው ከሶኬቱ እየራቁ ይሂዱ፣ ያን ጊዜ ገመዱ ሁልጊዜ ከተቆረጠው ሣር በኩል ይሆናል። ምላጩ ገመዱን ከቆረጠው የገመዱን ጫፍ አይንኩ፤ መጀመሪያ ግድግዳው ጋ ሄደው ይንቀሉ።

ቤንዚኑን የት ላስቀምጥ?

በሃይላንድ ጠርሙስ ፈጽሞ አይሁን። መልኩ ውሃ ይመስላል፤ የተጠማ ልጅ ወይም እንግዳ ያነሣዋል። ለነዳጅ በተሠራ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን፣ ከወጥ ቤትና ከከሰል ምድጃ ርቆ ይቀመጥ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ጥቂት ሜትር ርቆ ያለ ፍም ሊያገኘው ይችላል። ሰልባትዮው የሚሞላው ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ እስከ አፉ አይሙሉት። ከፈሰሰ ማሽኑን ከቦታው ጥቂት ሜትር ገፍተው ትነቱ ሲጠፋ ያስነሡ። ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ሞተሩን አያስነሡ፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጭስ መርዝ ከማርሚታውም ይወጣል።

አንድ ሰው ቤንዚን ከጠጣ እንዲያስመልስ አያድርጉት፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተትም አይስጡት፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ግቢዬ ተዳፋት ነው፤ እንዴት ልሂድ?

የሚገፋ ማሽን የሚሄደው ዳገቱን አግድም ነው። ሽቅብ ሲገፉት ካዳለጠዎት ማሽኑ ወደ እርስዎ ይመለሳል፤ ቁልቁል ሲሄዱ ካዳለጠዎት እግርዎ ቀድሞ ይገባል። ብዙ አምራቾች 15 ዲግሪን ወሰን ያደርጋሉ፤ ይህ በአንድ ሜትር ርቀት 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። ከዚያ ለሚበልጠው ማጭድ አለ።

የተሰነጠቀ ምላጭ ማስበየድ ይቻላል?

አይቻልም። የምላጭ ብረት የሚጠነክረው በልዩ ሙቀት ተዘጋጅቶ ነው፤ ብየዳ ያንን ጥንካሬ ያበላሸዋል፣ አጠገቡ ያለውም ብረት ይሰባበራል። ከባሌስትራ ተቆርጦ የሚሠራውም እንደዚሁ ነው፤ ክብደቱ ሁለት ጎን ካልተመጣጠነ ዘንጉን እያናወጠ ብሎኑን ያላላዋል። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ግማሽ ምላጭ ከተለቀቀ ምንም መከለያ አይይዘውም።

ምላጭ መሳል ግን ይቻላል። የካንዴላውን ኮፍያ ነቅለው፣ ምላጩ እንዳይዞር በእንጨት አግደው፣ በመፍቻ ብሎኑን ይፍቱ። ሁለቱን ጎን በሞረድ እኩል ቁጥር ይሳሉ። ከዚያ መሐል ቀዳዳውን ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር ያንጠልጥሉት፤ አንዱ ጎን ካዘነበለ እሱ ከብዷልና ያንኑ ጎን ጥቂት ይሞርዱት። ስለቱ እንደ ጢም መላጫ መሆን የለበትም፤ ሣሩን ሳይቦጭቅ መቁረጡ ይበቃል።

ሥራውን የሚሠራው ዘበኛው ቢሆንስ?

በብዙ ግቢ ማሽኑን የሚገፋው ባለቤቱ አይደለም። ዘበኛው ወይም በቀን የተጠራ አትክልተኛ ነው፤ ማሽኑ ጉድለት እንዳለበት ቢያውቅም ለመናገር ይከብደዋል። ስለዚህ ጫማውን፣ መነጽሩንና ጓንቱን ገዝቶ ማቅረብ፣ የካንዴላው ኮፍያ የቱ እንደሆነ በእጅ ማሳየትና የታሰረውን ዘንግ መፍታት የባለቤቱ ግዴታ ነው። “ዝናብ ሳይመጣ ቶሎ ጨርሰው” ማለት ደግሞ ሰውየውን ወደ ውትፈቱ በእጁ መላክ ነው፤ ሣሩ ነገም አለ።

አደጋ ከደረሰስ?

ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው በመዳፍ አጥብቀው ይጫኑ፤ ሳያነሡ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ጨርቁ ከራሰ ሌላ በላዩ ይደርቡ እንጂ የመጀመሪያውን አያንሡ። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ቅባት አይነስንሱበት፤ ደሙን ያቆሙ ቢመስሉም ቁስሉን ያቆሽሹታል፣ ለቀዶ ሐኪሙም ሥራውን ያከብዱበታል። ደሙ እየተፈናጠረ ከቀጠለ፣ ከቁስሉ በላይ እጁን ወይም እግሩን በሰፊ ጨርቅ በኃይል ይሰሩና ያሰሩበትን ሰዓት ይጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሠራተኞች በ939 ይገኛሉ። ከከተማ ዳር ሲደውሉ የሰፈሩን ስም ብቻ አይበሉ፤ ከዋናው አስፋልት የሚታጠፉበትን ምልክት ይናገሩ፣ አንድ ሰውም ወደ መታጠፊያው ይላኩ።

የተቆረጠ ጣት ካለ ይፈልጉት። ቆሻሻውን በንጹሕ ውሃ ቀስ ብለው ያለቅልቁት፣ አይሹት። እርጥብ በሆነ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ያስገቡና አፉን አጥብቀው ይሰሩ፤ ያንን ፌስታል በረዶና ውሃ ወዳለበት ሌላ ዕቃ ይክተቱት። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ ከነካ ሥጋው ይቃጠላል፣ ሊሰፋም አይችልም። ከተጎጂው ጋር በአንድ መኪና ይሂድ።

ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ አፈርና ሣር የነካው ቁስል መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊያመጣ ይችላል። ተጎጂው የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰደ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነው ወይም ማስታወስ ካልቻለ፣ ሐኪም ቤት ሲደርስ ይህንኑ ይናገር።